ለእማዬ፣ ስለ ሸክላዎችሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ከክረምቱ ብርድ ጋር እንዴት ሆነ? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ስለ ጭፈራ ቤቶቹ፣ ስለ ዙላ ክለብና ስለ ቬነስ፣ እያወራሽኝ «ምነው የዘፈን ሸክላዎቹን አንዴ ብሰማቸው» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ይሰማሉ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሸክላ በደንብ ከታጠበና በጤነኛ መርፌ ከተጫወተ፣ ያን ቀን የተቀዳው ድምፅ አሁንም በውስጡ አለ። በደነዘዘ መርፌ ከተላጠ ግን የሄደው አይመለስም። ስለዚህ ሳጥኑን ከመክፈትሽ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ጎንበስ ቀናውንና ማንሳቱን ለታናሼ ተዪለት።

ከሁሉ በፊት፣ ሳሎን ያለውን አሮጌ ማጫወቻ እባክሽ አታስነሺው። መርፌው ሰንፔር ነው። ሰንፔር ቶሎ ያልቃል፤ ሲያልቅ ጫፉ ክብነቱን ያጣና ጠርዝ ያወጣል። ክንዱም ከ5 ግራም በላይ ይጫናል። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ከፍ ሲሉ የሚሰማው «ሽሽሽ» ቆሻሻ አይደለም፤ መርፌው የሚሄድበት የሸክላው ቦይ ግድግዳ ተልጦ ነው። እሱን ምንም ዓይነት እጥበት አያድነውም። የነሐሱ ድምፅ ከተላጠ ደግሞ የዚያ ዘመን ዘፈን ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

አዲሱን ማጫወቻ መስከረም ላይ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። እዚህ አሜሪካ ያገለገለ ጥሩ ማጫወቻ በርካሽ ይገኛል፤ እሱን የማልልክበትን ምክንያት ልንገርሽ፣ ሰው እየገዛ ስለሚሳሳትበት። ሁሉም የሚያስበው ስለ ቮልቱ ነው። 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቶ ጨረስኩ ይላል። ትራንስፎርመር ግን ኸርዙን፣ ማለት መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካውም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእናንተ 50። ብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች ደግሞ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ኸርዝ ነው። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ እዚያ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። የ3 ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ድምፁም ከሦስት ሰሚቶን (ግማሽ ቃና) በላይ ይወርዳል። የዓለማየሁ እሸቴ ጩኸት ማጉረምረም ይሆናል። ከአዲስ አበባ ማጫወቻውን ተሸክሞ አሜሪካ የገባ ሰው ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በ54 ይሮጣል። የመረጥኩልሽ ሞተሩ በ12 ቮልት ዲሲ የሚሠራ ነው፤ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ኸርዙ አያገባውም። መብራት ከሄደ መርፌውን አንሺና ሶኬቱን ንቀይው። ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ አዳፕተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ማስቀመጫው ከባዱ ቡፌ ላይ ይሁን። ወለሉ ሰው ሲራመድበት የሚነቃነቅ ስለሆነ፣ ቀላል ጠረጴዛ ላይ ከሆነ መርፌው ይዘላል። ድምፅ ማጉያዎቹ ቡፌው ላይ አብረው አይቀመጡ፤ የቤዙ ንዝረት በእንጨቱ ተመልሶ ወደ መርፌው ይገባና ያጓራል። ቡና ከሚፈላበትም ራቅ ይበል። የዕጣን ጭስ ሸክላው ላይ ቀጭን ሙጫ ሆኖ ያርፋል፤ አቧራው እሱ ላይ ይለጠፋል፤ መርፌው ያንን እየጠረገ ጫፉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ይቋጥራል።

ፍጥነቱን ለመፈተሽ የማይፈለግ ሸክላ አድርጉና ጫፉ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ። መርፌው ቦዩ ላይ ተቀምጦ እየተጫወተ፣ ወረቀቷ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምታልፍ ቁጠሩ። 45 ከሆነ ልክ ነው። የመርፌው ጭነት 2 ግራም ይሁን፤ ትንሿን ሚዛን አብሬ እልካለሁ። ሲዘል ሳንቲም እላዩ ላይ መጫን የድሮ ልማድ ነበር፤ አሁን ይቅር። ሸክላ የሚዘለው ወይ ቆሽሾ ነው፣ ወይ ተጣሞ፣ ወይ ማጫወቻው ዘምሞ። ታናሼ ደግሞ «ቀለል ላድርገውና አይጎዳው» ብሎ ወደ 1 ግራም እንዳያወርደው። የቀለለ መርፌ ከቦዩ ጋር ተጣብቆ ስለማይሄድ ግድግዳውን እየመታ ይንጣጣል፤ ጉዳቱ ከትንሽ ክብደት ይብሳል።

አንዳንዶቹ ሸክላዎች መሀላቸው ሰፊ ቀዳዳ አለው፣ 38 ሚሊ ሜትር። የማጫወቻው ምሰሶ 7 ብቻ ስለሆነ ክቧ መሙያ ያስፈልጋቸዋል። በግምት መሀል ላይ ማስቀመጥ አይሆንም፤ በትንሹም ቢያጋድል ዘፋኙ በየዙሩ ይወዛወዛል፣ ኦርጋኑም ያለቅሳል። ከጀርባ ያለችውን ማብሪያ «ላይን» የሚለው ላይ አድርጉት። በሌላው ላይ ከሆነ ድምፁ ደካማና ቤዝ የሌለው ይሆናል፤ ያኔ ማጫወቻው ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

አሁን ወደ እጥበቱ። ይህ ላይ ታገሺኝ፣ ብዙ ሸክላ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ፣ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን፣ 3 ሊትር አስገዢ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ስለሚሸጥ ጽሑፉ በደንብ ይነበብ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ስለሚተው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ አይሆንም። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ 3 ወይም 4 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። አረፋ ከበዛ ሳሙናው በዝቷል፤ ቦዩ ውስጥ ቀርቶ ራሱ ድምፅ ይሆናል። መሀል ያለው ወረቀት እንዳይርስ በፕላስቲክ ክዳን ይሸፈን። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ቦዩን ተከትሎ እየዞሩ ነው የሚታጠበው፤ ከመሀል ወደ ዳር መፈተግ አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ያስሄደዋል። ሁለት ጊዜ በተጣራ ውሃ ይለቅለቅ፣ ከዚያ የሳህን ማድረቂያ ላይ ቆሞ ጥላ ውስጥ ይደር። ፀሐይ ላይ አይሆንም፤ ሸክላ ሙቀት ሲነካው እንደ ድስት ክዳን ይጎብጣል። በረኪና፣ ላምባ፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ አንዱም አይነካው። በተለይ አልኮል፣ የአያቴ የነበሩትን እነዚያን ከባድና ተሰባሪ የ78 ሸክላዎች ያሟሟቸዋል።

በዚህ ክረምት ሳጥኑ እርጥበት ጠጥቶ እንደሆነ ነጭ ነጠብጣብ ታገኚበት ይሆናል። ሻጋታ ነው። ደጅ አውጥቶ፣ አፍንጫን ሸፍኖ ይታጠብ፤ አንቺ አትቅረቢ፣ ለሳልሽ አይሆንም። ሰዎች «ጸዳ» ብለው የታጠበውን ሸክላ ያንኑ የሻገተ ወረቀት ውስጥ ይመልሱታል፤ በወሩ እንደገና ይሻግታል። ስለዚህ አዳዲስ የውስጥ ከረጢቶች አብሬ እልካለሁ። ሥዕል ያለባቸው ሽፋኖች ግን ቢቀደዱም አይጣሉ፣ በፕላስተርም አይጠገኑ። ለብቻ ዘርግተሽ አድርቂያቸው። ከዚያ በኋላ ሸክላዎቹ ቆመው እንጂ ተደራርበው አይቀመጡ።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ የማስቸግርሽ እነዚህ ሸክላዎች የሚተኩ ዕቃዎች ስላልሆኑ ነው። አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ አልነበረም፤ ቅጂው ተልኮ እንደ ህንድና ሊባኖስ ባሉ አገሮች ታትሞ ይመጣ ነበር። ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ጉዳይ በነበረበት ጊዜ፣ አምሐ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 በራሱ ደፍሮ ጀመረው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ፤ የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ከዚያ ካይፋ የሚባለው አሳታሚ ቀጠለ፤ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በፈረንጆቹ 1975 የወጣው በእነሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1961 እስከ 1970 ገደማ፣ ከአሥር ዓመት ያነሰ ዕድሜ ነው ሸክላው ያገኘው። ከዚያ ካሴት ተካው።

የአሜሪካኖቹ የሶል ሙዚቃ እንዴት እንደገባ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። አስመራ ከቃኘው ጣቢያ የአሜሪካኖቹ ሬዲዮ ያሰማው ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1955 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ ልጆችም ሸክላ ይዘው ነበር የሚመጡት። ግን ጄምስ ብራውንን እንዲሁ መቅዳት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሰውም ነበር። የነሐስ መሣሪያውን የሚነፉት ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ባንዶች የወጡ፣ በኖታ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። የአገራችንን ቅኝቶች፣ ትዝታንና አንቺሆዬን፣ በዚያ ላይ አደረጉት። ባንዱ አብሮ ቆሞ፣ በጥቂት ማይክሮፎን፣ ባንድ ጊዜ ነው የሚቀዳው፤ ስለዚህ ሸክላው ላይ ያለው የአንድ ክፍል አየር ነው። በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሰው ቤዙን ፈጽሞ አያገኘውም፤ ያለ ቤዝ ደግሞ እግር አይነሳም። ማጉያዎቹን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጓቸው፣ ቤዙ ይጎላል። አምፕሊፋየሩ ላይ «ሞኖ» የሚል ካለ ተጫኑት፤ የአብዛኞቹ ቅጂ ሞኖ ስለሆነ ዘፈኑ ምንም ሳይጎድልበት የጭረቱ ድምፅ በግልጽ ይቀንሳል።

ቅጂውን ታናሼ በኮምፒውተር ያድርገው። በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎ ኸርዝ፣ ዋቭ ፋይል ይሁን፤ የአንድ ገጽ 3 ደቂቃ ወደ 100 ሜጋባይት ይሆናል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮው በ6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፤ ዜሮውን ካለፈ የተቆረጠው አይቀጠልም። ጭረቱን በፕሮግራም ለማጥፋት እንዳይቸኩል። ማጽጃው ከጭረቱ ጋር የጸናጽሉን ጫፍ ይበላል፤ ያልተነካው ቅጂ ለብቻ ይቀመጥ። በቴሌግራም ሲልክልኝ እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይላክ፣ ይጨመቃልና። የፋይሉ ስም ላይ የአሳታሚው ስምና ቁጥሩ፣ ገጹ፣ እንዲሁም በሸክላው መጨረሻ ባዶ ክበብ ላይ የተጫረው ቁጥር ይጻፍ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያየውም፤ ዘፈኑ የትኛው ኅትመት እንደሆነ የሚታወቀው ግን በእሱ ነው።

ካሴቶቹን ለሌላ ጊዜ እናቆያቸው። አንድ ነገር ብቻ፤ ከረጅም ዓመት በኋላ ካሴት እንዲሁ ተጭነው አያጫውቱትም፤ መጀመሪያ እስከ ዳር ሄዶ ተመልሶ ይጠቀለል፣ ካልሆነ ይጣበቃል።

ሸክላ የሚገዙ ሰዎች ወደ ሰፈሩ ይመጣሉ ብለሽኛል። ቀረጻው ሳይሠራ አንድም እንዳትሰጪ። ውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች ለእነዚህ ብዙ ስለሚከፍሉ ነው ደላላው የሚዞረው፤ ለሚወደው ሰው ቢሄድ አልጠላም፣ ግን ድምፁና ሽፋኑ ከቤት ሳይወጣ ይመዝገብ።

የቀረው የአንቺ ሥራ ነው፣ ማንም የማይሠራልሽ። ዘፈኖቹን በፈረንጆቹ ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ስላወጧቸው፣ ብዙዎቹ የትም ይገኛሉ። ያዳራሹ ወሬ ግን አንቺ ጋ ነው ያለው። እያንዳንዱ ገጽ እስኪያልቅ ዝም ብለሽ አድምጪ፤ መርፌው ሲነሳ ስልኩ ላይ መቅጃው እንደበራ ተናገሪ። መግቢያው ስንት ነበር? የመጨረሻው አንበሳ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ያልፍ ነበር፣ ካመለጠሽስ በማን ትሄጂ ነበር? በየትኛው ዘፈን ነው ሴቶቹ ለብቻ የሚነሱት? የሶል ኤኮስ ባንድ ሲጫወት ሰው የት ይቆም ነበር፣ ራስ ሆቴል ላይ የአይቤክስ ባንድስ ሲጫወት? ሰዓት እላፊው ከመጣ በኋላ በሩ ተዘግቶ እስከ ንጋት የሚጨፈርበት ቀን ምን ይበላ ነበር? ስም ካልመጣልሽ አትጨነቂ፣ የለበሰውን ልብስ ተናገሪ፤ ስሙ ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሚው ይመጣል። አንዳንዶቹ ሽፋን ላይ በስክሪፕቶ የተጻፉ ፊደላት አሉ፤ የማን እንደሆኑ እሱንም ንገሪን። በቀን ከአምስት ገጽ በላይ አይሁን፣ ይደክምሻል።

መጀመሪያ የሚታጠበውና የሚጫወተው በጣም የምትወጂው አይሁን። እጃችሁ እስኪለምድ በሌላ ጀምሩ። ያንቺን ዘፈን ግን ለአራተኛው ወይም ለአምስተኛው አቆዩትና እሑድ ከቀትር በኋላ ደውሉልኝ፤ ስልኩን ማጉያው አጠገብ ሳይሆን አንቺ አጠገብ አስቀምጡት።

ልጅሽ

ከዋሽንግተን

ማሳሰቢያ፦ መሙያዋ ክብ በትንሿ ቆርቆሮ ውስጥ ናት፣ ከትርፉ መርፌ ጋር። ቆርቆሮዋ ባዶ መስላ እንዳትጣል።