ግልጽ ደብዳቤ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ፦ ሙሉ ቀን ከምሳ ጋር ይሁን

ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣

የአራተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። ልጄ የከሰዓት ፈረቃ ናት። ልጆች ሙሉ ቀን ቢማሩ ደስታዬ ነው። ምሳቸው ሳይታሰብ እንዳይጀመር ግን እለምናችኋለሁ።

ፈረቃ ማለት እኛ ቤት እንዲህ ነው። እኔ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ለሥራ እወጣለሁ። እሷ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ትቀራለች። ውኃ የመጣ ቀን ጀሪካን ስትሞላ ታረፍዳለች። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ስትገባ ደክማለች። የጠዋቶቹ ገና መውጣታቸው ስለሆነ ክፍሉ አልተጠረገም። 40 ደቂቃ የተባለው ክፍለ ጊዜ ስም ተጠርቶ፣ ደብተር ወጥቶ፣ 30 ቢቀረው ነው።

አንድ ማታ የሒሳብ ደብተሯን ገለጥኩት። ጥያቄው ከሰሌዳ ተገልብጧል፤ መልሱ የለም። «ተደወለ» አለችኝ። የማግስቱም ገጽ እንደዚያው። መምህሯን አልወቅስም፤ ያን ሁሉ ልጅ በዚያች ሰዓት ማን ያዳርሳል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንደኔ እንደኔ መውደቁ የሚጀምረው እዚህ ታች፣ ሳይሠራ በታለፈው ጥያቄ ላይ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱ ይጨመር። አዲስ ትምህርት ግን አይደርደርበት። የጠዋቱን ጥያቄ ቁጭ ብለው ይሥሩበት። ክፍልና መምህር እንደሚያስፈልግ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ምሳውን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ሙሉ ቀን ነው የተማርኩት። ቤት ምንም በሌለ ቀን ለምሳ አልሄድም ነበር። ቧንቧው ጋ ውኃ ጠጥቼ «በልቻለሁ» እላለሁ። ከሰዓት መምህሩ የሚያወራው ጆሮዬ አይገባም፤ ዓይኔ ደወሉ ላይ ነው። ዛሬም ምሳ ዕቃ መያዝ የማይችል ልጅ በየክፍሉ አለ። ጓደኞቹ ሲበሉ የት ይቀመጣል?

አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ይመገባሉ። እኛም ለጥምቀት የአገር እንግዳ የምናስተናግድ ሰዎች ነን፤ ለልጆቻችን ሽሮ አያቅተንም። በአንድ ትምህርት ቤት ጀምሩት። ዱቄቱንና በርበሬውን እናንተ ቻሉ፣ ጉልበቱን ለእኛ ተዉት። እኔ በሳምንት አንድ ቀን እንጀራ ልጋግር ተመዝግቤያለሁ በሉ።

የመስከረም ምዝገባ ሳይጀመር መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት እናት፣ ከአዘዞ