ማርሚታ ከመቁረጣችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የተቆረጠ ቪትዝ መኪና ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ሲወጣ ድምፁ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለተኛ ሕመምተኛ ሥቃይ ነው። ለባለቤቱም ጉልበት አይጨምርለትም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን በአየሩ መሳሳት ያጣል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የጭስ ማውጫ ቱቦ አይመልሰውም። እንዲያውም ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ላይ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ሲበየድ የጭሱ ፍጥነት ይቀንስና መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ያማረ ድምፅ የሚፈልግ የኋላውን ማርሚታ ብቻ ይቀይር። ውስጡ ባለ ብዙ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ዙሪያውን ሙቀት የሚችል የመስታወት ጥጥ የታጨቀበት፣ ረዘም ያለ ይምረጥ። ጥጥ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል እንጂ አያምርም። መሃል ያለችውን ትንሿን ማርሚታ አትንኳት! እሷ ስትወጣ ሞተሩ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ሲዞር ራስ የሚያዞር ጉምጉምታ ጋቢናውን ይሞላዋል። ካታሊስቱም (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ክፍል) ባለበት ይቆይ።

ከብየዳ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ሲያልቅ ሞተሩን ሳይግል አስነስቶ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ መቀባት ነው፤ አረፋ ከነፋ ብየዳው ያፈሳል። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለች የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አየር ታስገባለች፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም ነዳጅ ያነሰ መስሎት ቤንዚን ይጨምራል። የተሰነጠቁ የቱቦው ማንጠልጠያ ጎማዎች አብረው ይቀየሩ።

ጋራዦችም ደንበኛ «ቁረጠው» ስላለ ብቻ መጋዝ አታንሱ።

የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ከፒያሳ