ፈረሱ ሣር ሲነጭ፦ ጠንካራ ልጓም ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ሲለመልም ወደ ሱቃችን የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሆናል፦ «ልጄ የምትቀመጥበት ድንክ ፈረስ እየሄደ ድንገት አንገቱን ጥሎ ሣር ይነጫል። አልቻለችውም፤ ጠንከር ያለ ልጓም ስጡን።» ልጓም መሸጥ ሥራችን ነው፤ ለዚህ ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንሸጥም።

የልጓሙ ብረት የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው። እዚያ ከስሱ ሥጋ ሥር ወዲያው አጥንት አለ። ፈረሱ አንገቱን ሲጥል ልጅቷ በሁለቱም እጇ ብትጎትት ከራሱና ከአንገቱ ክብደት ጋር ነው የምትታገለው፤ ወደ ፊት የምትደፋው እሷ ናት። ብረቱ ሲከብድ ድዱ ይቆስላል፤ ፈረሱም ብረቱን መደገፍ ወይም ራሱን ወደ ላይ መወርወር ይለምዳል። ሣሩን ግን አይተውም፤ ከአሥር ሙከራ አንዷ ጉርሻ ከሆነችለት ይበቃዋል።

በተለይ ከአያት የተወረሰውን ባለቀለበት ልጓም ለልጅ ፈረስ አታድርጉ። ከአገጭ ሥር የሚዞረው ቀለበት የታች መንጋጋን ይጨብጣል፣ የውስጡ ብረት ደግሞ ላንቃን ይገፋል። ጦርና ጋሻ ይዞ ዛቡን (የልጓሙን መሳቢያ ጠፍር) በአንድ እጁ ለሚገዛ ፈረሰኛ፣ ለጉግስም ሜዳ የተሠራ ነው። በሠለጠነ እጅ ጣት ሲነካው ይበቃል። ልጅ ግን ሚዛኗን ስታጣ የምትይዘው ዛቡን ነው።

ለልጅ ፈረስ የምንመክረው ሁለት መገጣጠሚያ ያለው፣ መሃሉ ላይ ለስላሳ ፍሬ ያለበት ቀላል ብረት ነው። ባለአንድ መገጣጠሚያው ሲጎተት ታጥፎ ምላስን ከግራና ከቀኝ ይጨምቃል፤ ባለሁለቱ በምላሱ ላይ ተዘርግቶ ያርፋል። «ወፍራም ብረት ለስላሳ ነው» የሚባለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ትንሽ አፍ ውስጥ ምላሱ ብቻውን ቦታውን ስለሚሞላው ወፍራም ብረት ያስጨንቀዋል፤ ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ለአብዛኞቹ ድንክ ፈረሶች ይበቃል።

ወርዱን ለመለካት ንጹሕ ሲባጎ ብረቱ በሚያርፍበት ቦታ አፉ ውስጥ አሳልፉና የሁለቱን ከንፈሮች ውጫዊ ጠርዝ ምልክት አድርጉ። ሲባጎውን ዘርግታችሁ ከለካችሁ በኋላ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። የሚያንስ ከንፈሩን ይቆነጥጣል፤ በጣም የሚበልጥ ደግሞ ወደ ጎን እየተንሸራተተ መገጣጠሚያውን ከቦታው ያወጣዋል። ከፍታው የከንፈሩ ጥግ ላይ አንዲት ስስ እጥፋት ብቻ እስክትታይ ይሁን። የአፍንጫ ማሰሪያው ሥር፣ በአፍንጫው አጥንት ላይ፣ ሁለት ጣት ሊገባ ይገባል። የማይገባ ከሆነ ፈረሱ አፉን ስላልከፈተ ብቻ ልጓሙን ወደደው አትበሉ።

ብረት ከእኛም ግዙ ከሌላ፣ ከማሰራችሁ በፊት ጥጥ ጨብጣችሁ ዙሪያውን እሹት። ጥጡ ከተያዘ ያ ቦታ አፉንም ይቧጥጣል፤ በሞረድና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። መገጣጠሚያው ተበልቶ ጠርዝ ያወጣ ብረት ግን አይጠገንም። ፈረሱ ልጓም ሲገባለት እምቢ የሚል ከሆነ ደግሞ ችግሩ ጥርስ ሊሆን ይችላል፦ ከመንጋጋ ጥርሶች ፊት የምትበቅል ትንሽ ጥርስ ብረቱን ትነካለች፣ የመንጋጋዎቹ ውጫዊ ጠርዝም እንደ ምላጭ ሾሎ ጉንጭ ይቆርጣል። የእንስሳት ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ሣሩ። ፈረስ ከቀኑና ከሌሊቱ አብዛኛውን ሰዓት በመጋጥ የሚያሳልፍ እንስሳ ነው፤ ሆዱ ባዶ ሆኖ ለምለም መስክ ላይ ማውጣት ፈተና ነው። ከመቀመጣችሁ አንድ ሰዓት በፊት ድርቆሽ አቅርቡለት። ልጓም አፉ ውስጥ እያለ ደግሞ አንዴም ሣር አታስግጡት፤ ፎቶ ለመነሳት ስትቆሙም ቢሆን። መጋጥ ከተፈቀደለት ልጓሙ ይውለቅ። ይህ ካልተጠበቀ የሚቀጥለው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

አንገቱን ከመጣሉ በፊት ፈረሱ እርምጃውን ያዘገያል። ልጅቷ ያኔውኑ በተረከዟ ገፋ ታድርገው፤ እየተራመደ ያለ ፈረስ ሣር መንጨት ይቸገራል። አንገቱን ከጣለ ሁለቱን ዛብ መሳብ ትታ አንዱን ብቻ ፈጠን አድርጋ ወደ ላይ ሳብ ታድርግ፣ በተረከዟም ትግፋው። ፈረሱ ራሱን ቀና ሲያደርግ ወዲያው ዛቡን ታላላ፤ የሚማረው ከዚያ ነው። ሳቢ ካለ በፈረሱ ትከሻ ትይዩ ይሂድ፤ ገመዱን ከልጓሙ የጎን ቀለበት ሳይሆን ከልጓሙ ሥር ካለው የራስ ማሰሪያ ይያዝ። ፈረስ በዛብ ግንድ ላይ ማሰርም እንዲሁ ክልክል ነው፤ ሲደነግጥ የሚበጠሰው ከንፈሩ ነው።

ልጅቷ ገና ጉልበት ከሌላት የሣር መከልከያ ማሰሪያ እንሰጣለን። ከልጓሙ ቀለበት ተነስቶ፣ በግንባሩ ማሰሪያ ላይ ባለው ቀዳዳ አልፎ ከኮርቻው የፊት ቀለበት ይታሰራል። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ሲቆምና በእርምጃ ሲሄድ ማሰሪያው መላላት አለበት፤ የሚወጠረው አፉ ወደ ጉልበቱ ከፍታ ሲቀርብ ብቻ ነው። አጥብቃችሁ ካሰራችሁት አንገቱን ዘርግቶ ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም፤ ቁልቁለት ላይ ይደናቀፋል። ከኮርቻው ጋር የሚያያዘው ጫፍ ላይ ቀጭን ሲባጎ አስገቡ፤ ቢወድቅ እሱ ይበጠስ። ለዝላይ ይፈታ። ሆደ ክብ የሆነ ፈረስ ላይ ማሰሪያው ኮርቻውን ወደ ፊት ስለሚጎትት ከጭራው ሥር የሚያልፍ ጠፍር ያስፈልጋል።

ትእዛዝ ስትልኩልን የሲባጎውን ልክ በሚሊ ሜትር፣ የፈረሱን ዕድሜና አሁን የምትጠቀሙበትን ብረት ፎቶ ጨምሩ። በጥር 23 ለእንጅባራው የፈረሰኞች በዓል የጌጥ ልጓም የምታዙ ደግሞ፣ ዘርፉ ከግንባርና ከጉንጭ ጠፍሩ ላይ እንዲንጠለጠል እናደርጋለን፤ ከልጓሙ ቀለበት ላይ አንሰቅልም፣ በየእርምጃው ብረቱን አፉ ውስጥ ያወዛውዘዋልና።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮርቻና ልጓም መሥሪያችን ባልደረቦች