የጳጉሜ 6 ዕዳ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ያጠፋሁት አንተን ረስቼ አይደለም። መጨረሻ በተደዋወልን ጊዜ «የሚሠራውን ፒኤችፒ ለምን ከሥሩ ትነቅሉታላችሁ?» ስትለኝ ተቀይሜህ ነበር። ያኔ የድርጅታችን ሲስተም የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒን፣ በሌላ ቋንቋ በኧርላንግ ልንተካ ተነሥተን ነበር። ኋላ ነገሩ አንተ እንዳልከው ሲሆን ደግሞ ለመጻፍ አፈርኩ።

ልቤን የወሰደው ዋትስአፕ ነው። በፈረንጆቹ 2014 ፌስቡክ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚ ነበረው፤ ኢንጂነሮቹ ግን 32 ብቻ፣ በማዕከላዊ ኮምፒውተሩ፣ በሰርቨሩ፣ ላይ የሚሠራው ፕሮግራምም የተጻፈው በኧርላንግ። ይህን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ለሰርቨር የምንከፍለው በዶላር ነውና ወደ ኧርላንግ ብንዞር ወጪው ይቀንሳል አልኩት፣ አመነኝ። ያላየሁት፣ ኧርላንግን ኤሪክሰን የሠራው ለስልክ ማዞሪያ ጣቢያ መሆኑን ነው። እልፍ አእላፍ ግንኙነት በአንዴ ከፍቶ መያዝ የተፈጠረበት ሥራው ነው፤ የዋትስአፕም ሥራ ያው ነበር። የእኛ ግን የፋርማሲ ስቶክና ሽያጭ ነው፣ በቀን ጥቂት ሺህ ደረሰኝ። ድሮም አንድ ሰርቨር፣ ኋላም ያው አንድ ሰርቨር።

ስንጽፈው ደስ ይል እንደነበር አልክድም፤ ኮዱ አጭርና ንጹሕ ነበር። ግን ለፒኤችፒ ዝግጁ የሆነው የእኛ ዘመን አቆጣጠር ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያስቀመጡት ኮድ፣ በኧርላንግ ስላላገኘነው ራሳችን ጻፍነው። ብዙም ሳይቆይ አብሮኝ የጻፈው ልጅ ሥራ ለቀቀ። ምትክ ፍለጋ አራት ወር ማስታወቂያ አወጣን፤ ኧርላንግ ነክቶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልመጣም። የፒኤችፒ ማዕቀፍ የሆነውን ላራቬልን ብንል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ሲቪው ይከመር ነበር።

ከዚያ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መጣ። ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋ ቀን። እኔ ለበዓል እናቴ ዘንድ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ከጠዋቱ ጀምሮ የፋርማሲዎቹ ስልክ አላቆመም፤ ሲስተሙ «የተሳሳተ ቀን» እያለ ደረሰኝ አልቆርጥ አለ። አንዷ ፋርማሲስት «ሰው መስኮቱ ላይ ተሰልፏል፣ ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር በሽተኛም አለ» ስትለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ቢሮ የነበሩት ሦስት ጎበዝ ልጆች ኮዱን ከፍተው አዩት፤ ማንበብ አልቻሉም። ላፕቶፕ ተውሼ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር ዞሬ ሲስተሙ ውስጥ ስገባ ሰባት ሰዓት አልፏል። ስህተቱ አንድ መስመር ላይ ነው፤ ጳጉሜ ከ5 አትበልጥም ብለን ጽፈናል። ለማስተካከል አራት ደቂቃ አልፈጀም። ያን አራት ደቂቃ ሊሠራ የሚችል ሌላ ሰው ግን አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረንም። ማታ ችቦ ሲለኮስ እናቴ «ምን ሆነሃል?» ብትለኝ መልስ አጣሁ።

በዓመቱ ወደ ፒኤችፒ ተመለስን። የስድስት ወር ደሞዝ ሁለት ጊዜ ወጣ፣ አንዴ ለመሄድ፣ አንዴ ለመመለስ። አለቃዬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ይኸው ነው እስካሁን የሚከብደኝ።

እህትህን መርካቶ አግኝቻት የራስህን ድርጅት ልትከፍት እንደሆነ ነገረችኝ። በምን ልትጽፈው አሰብክ? እነማን ናቸው አብረውህ ያሉት፣ የሚችሉትስ ምንድን ነው? ያኔ የጠየቅከኝን ዛሬ እኔ ልጠይቅህ ብዬ ነው። እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደውልልኝ። እናቴም ባየችኝ ቁጥር «ያ ልጅ የት ገባ?» ትለኛለች።

አክባሪ ወንድምህ