የሥነ ዜጋ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከንግግሩ በፊት ዝርዝሩ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው። ሥልጣንም ሀብትም የሌላቸው የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ተደራጅተው መንግሥት ያጸናውን አሠራር የሚያስለውጡት እንዴት ነው? ለማጥኛ የመረጥነው በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮችን በአውቶቡስ ከነጮች ለይቶ ከኋላ የሚያስቀምጠውን አሠራር በመቃወም የተካሄደውን አውቶቡስ ያለመሳፈር አድማ ነው። ሩቅ አገር የሄድነው ሆን ብለን ነው። ትምህርት ቤት የፓርቲ መድረክ አይደለም። የቅርቡን ጉዳይ ብናነሣ ክርክሩ «ማን ትክክል ነው» ላይ ይቀርና «እንዴት ሠሩት» የሚለው ሳይነካ ደወል ይደወላል።

አብዛኛው ተማሪ ታሪኩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ከመቀመጫዬ አልነሣም አለች፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር አደረገ፤ ሕጉ ተለወጠ። የክበቡ ሥራ በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን 381 ቀን መሙላት ነበር።

ፓርክስ የታሰረችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955፣ ሐሙስ ማታ ነው። በዚያ ሰዓት ግን የተደራጁ ሰዎች ቀድመው ነበሩ። የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባለው ማኅበር ከ1946 ጀምሮ በከተማው ይሠራ ነበር። መሪው ጆ አን ሮቢንሰን በሜይ 1954 ለከንቲባው በጻፈችው ደብዳቤ ከተሳፋሪው ሦስት አራተኛው ጥቁር መሆኑን ጠቅሳ፣ አያያዙ ካልተሻሻለ ሰው መሳፈር ሊያቆም እየተነጋገረ መሆኑን አስታውቃለች። በማርች 1955 ደግሞ የ15 ዓመቷ ተማሪ ክሎዴት ኮልቪን በተመሳሳይ ምክንያት ታስራለች። ፓርክስም ብትሆን ሥራዋ ልብስ ሰፊነት ይሁን እንጂ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው የኤንኤኤሲፒ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበረች። «ደክሟት ነው ያልተነሣችው» የሚለውን አባባል አባሎቻችን ካነበቡ በኋላ ትተውታል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ረጅሙን ጊዜ የወሰደው በራሪ ወረቀቱ ነው። ሮቢንሰን የፓርክስን መታሰር በሰማችበት ሌሊት፣ በምታስተምርበት ኮሌጅ ማባዣ ማሽን ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዛች። ወረቀት ለመቆጠብ በአንድ ገጽ ላይ ያው መልእክት ሦስት ጊዜ ተጽፎ ይቆረጥ ነበር። ዓርብ ጠዋት በየትምህርት ቤቱ የሚጠብቁ ሰዎች እሽጉን ተቀበሉ፤ ወደየቤቱ ያደረሱት ተማሪዎች ናቸው። መልእክቱ አጭር ነው፦ አንዲት ሴት እንደገና ታሰረች፣ ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ፣ ሥራ ካላችሁ በታክሲ ወይም በእግር ሂዱ። የተጠየቀው የአንድ ቀን ነገር ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ላልተወሰነ ጊዜ ብለው ቢጀምሩ ኖሮ ሰው ከመሞከሩ በፊት ባመነታ ነበር።

ልምምዳችንም ይኸው ሆነ። እያንዳንዱ ቡድን ከ50 ቃል ባልበለጠ ወረቀት ምን እንደተፈጠረ፣ መቼ፣ ምን እንደሚደረግ እንዲጽፍ ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች «የተከበራችሁ ውድ…» ብለው ሁለት መስመር ሰላምታ ያቀርባሉ፣ ስለ ፍትሕ አንድ አንቀጽ ያወርዳሉ፣ ቀኑን ይረሳሉ። ቀን የሌለው ጥሪ ማንንም አያንቀሳቅስም። ረቂቁን ለማያውቀው የሌላ ክፍል ተማሪ አስነብቦ «ምን ላድርግ ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ የተሻለ ማረሚያ ሆኖ አግኝተነዋል።

የሰኞው አድማ ሲሳካ ማታውኑ በሆልት ስትሪት ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ተሰብስቦ ለመቀጠል ወሰነ፤ የሞንትጎመሪ ማሻሻያ ማኅበርም ተመሠረተ፤ የ26 ዓመቱ ኪንግ ሊቀ መንበር ተባለ። ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ ትራንስፖርት ነው። በመጀመሪያ የጥቁሮች ታክሲዎች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም፣ ይጭኑ ነበር። ከተማው ዝቅተኛው ታሪፍ 45 ሳንቲም ነው የሚለውን ደንብ ሲያስከብር ያ መንገድ ተዘጋ። ኪንግ በ1953 በባተን ሩዥ ከተማ ተመሳሳይ አድማ ለመሩት ቄስ ቴዎዶር ጀሚሰን ስልክ ደውሎ አሠራሩን ጠየቀ። በውጤቱ 300 ያህል የግል መኪናዎች፣ ከ40 በላይ መሳፈሪያ ቦታዎችና እኛ ተራ አስከባሪ የምንላቸው ዓይነት አስተባባሪዎች ያሉት ሥርዓት ተዘረጋ።

ተማሪዎቹ ሒሳቡን ሠርተውታል። አንድ መኪና በአንድ ዙር 4 ሰው ቢይዝ፣ ጠዋት 5 ዙር ቢመላለስ፣ 300 መኪና 6,000 ሰው ያደርሳል። ተሳፋሪው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙው ሕዝብ በእግሩ ነው የሄደው፤ የመኪናው ሥርዓት በዋናነት የሚያስፈልገው ለሩቅ ሰፈር ሠራተኞችና ለአቅመ ደካሞች ነው ማለት ነው። ተማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው መኪኖቹን የት ማሰማራት እንደሚገባ ካርታ ላይ ሠርተዋል።

ገንዘቡ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ምግብ አብሳይዋ ጆርጂያ ጊልሞር ሴቶችን አስተባብራ ሳንድዊችና ኬክ እየሸጠች ገቢውን በየሳምንቱ በሚደረጉት ስብሰባዎች ታስረክብ ነበር። የቡድኑ ስም «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ነው። በነጮች ቤት የሚሠሩት ሴቶች ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባሉ ስማቸው እንዳይነሣና ከሥራ እንዳይባረሩ የተመረጠ ስም ነው። በጁን 1956 ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ገንዘብ እየባከነ ነው ብለው በአደባባይ ከሰሱ፣ በቀናት ውስጥም ክሳቸውን አነሡ። ክሱ ባይጸናም ጋዜጣው አጮኸው። የዕድር ገንዘብ ያዥ ያለ ደረሰኝ የማይቀበለው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ተቃራኒው ወገንም ዝም አላለም። ኪንግ በሰዓት 25 ማይል በሚፈቀድበት መንገድ 30 ነድተሃል ተብሎ ታሰረ፤ ቤቱ በቦምብ ተመታ፤ የመኪኖቹ ኢንሹራንስ እየተሰረዘ በመጨረሻ ከለንደን ገበያ ተገዛ። እኔ እስከማየው ከሁሉ አደገኛው ግን የጃንዋሪ 1956 የሐሰት ዜና ነው። የከተማው አስተዳደር የአድማው መሪዎች ካልሆኑ ሦስት ቄሶች ጋር «ተስማምቻለሁ» ብሎ እሑድ ጋዜጣ ላይ ሊያወጣ ሲል መሪዎቹ ቅዳሜ ማታ ሰሙ። በዚያው ሌሊት በየመሸታ ቤቱ ዞረው ዜናው ውሸት መሆኑን ተናገሩ፤ ጠዋት ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ተነገረ። ይህ የሚቻለው ማን የት እንደሚገኝ፣ ማን ለማን እንደሚያደርስ አስቀድሞ ለሚያውቅ ድርጅት ነው።

ክበቡን ለሁለት የከፈለው ክርክር የመጣው መጨረሻው ላይ ነው። አሠራሩን የሻረው ፍርድ ቤት ነው፤ ኮልቪንን ጨምሮ አራት ሴቶች በከሰሱበት «ብራውደር በጌይል» መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 13 ቀን 1956 የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸና። ታዲያ አድማው ምን ሠራ? ግማሹ አባል «ጠበቆቹ በቂ ነበሩ» አለ። ሌላው ያቀረበው መልስ ይመዝናል፦ በዚያው ዕለት የግዛቱ ፍርድ ቤት የመኪናውን ሥርዓት አገደ፣ ሕዝቡ ግን የውሳኔው ወረቀት እስኪደርስ በእግሩ እየሄደ ጠበቀ፤ ከመሳፈሩ በፊትም በየቤተ ክርስቲያኑ ወንበር እንደ አውቶቡስ ተደርድሮ፣ አንዱ ሹፌር አንዱ ተሳዳቢ ተሳፋሪ ሆኖ፣ ሳይመልሱ መቀመጥን ተለማመደ። ፍርዱ መብቱን ሰጠ፤ ከዲሴምበር 21 ጀምሮ በአውቶቡሱ የፊት ወንበር የተቀመጠው ግን ይህ የተለማመደ ሕዝብ ነው። ልምምዱን እኛም በአዳራሹ ወንበሮች ሠርተነዋል፤ ተሳዳቢውን የተጫወተው ልጅ ከሁሉ በላይ ተቸግሮ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ያነበብነው ሕግ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ፣ አንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን ይደነግጋሉ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000፣ ክልላዊ ለመመሥረት 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። በእኛ ግምት አንድ ሰው በቀን 10 ፊርማ ቢያገኝ፣ 50 ሰው 20 ቀን መሥራት አለበት። የማይነበብ ስምና አድራሻ የሌለው ፊርማ ሲጣራ ስለሚወድቅ ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል።

የተማርነውን የሞከርነው በአንድ ትንሽ ጥያቄ ላይ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይከፈት። መጀመሪያ ወረቀቱ በየክፍሉ ዞረና በአንድ እጅ የተጻፉ ስሞች ይዞ ተመለሰ። ምክትል ርእሰ መምህሯ አይተው መለሱት፤ ልክ ነበሩ። በሁለተኛው ዙር ለአንድ አባል ከአምስት ሰው በላይ አልተሰጠም። ስለ ወረቀቱ ከማውራቱ በፊት «ምሳ ሰዓት የት ታሳልፋለህ?» ብሎ መስማት፣ ከዚያ መልሱን «ይመጣል»፣ «ያመነታል»፣ «አይፈልግም» በሚሉ ሦስት ዓምዶች መመዝገብ ነበረበት። በዚህ መንገድ ችግሩ የቁልፍ ሳይሆን የሰው እጥረት መሆኑ ታወቀ፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋም ምሳ ይበላሉና። ጥያቄው ተለውጦ ተረኛ ተማሪዎችን መመደብ ሆነ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ተፈቀደ።

በ2018 ዓ.ም. የምናጠናው በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በጆንስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረውን የዜግነት ትምህርት ቤት ነው። ፀጉር ሠሪዋ በርኒስ ሮቢንሰን ከአንድ የኅብረት ሱቅ ጀርባ 14 አዋቂዎችን ለመራጭነት ምዝገባ የሚያበቃ ንባብና ጽሕፈት ማስተማር የጀመረችበት ነው። የክበቡ አባላት ምዝገባ በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት በየክፍል አለቆች በኩል ይካሄዳል። ጸሐፊያችን 12ኛ ክፍልን ስለጨረሰች ቃለ ጉባኤ በደንብ የሚይዝ ተማሪ እንፈልጋለን፤ ለገንዘብ ያዥነት ደግሞ ከሒሳብ ክበብ አንድ ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል።