ተማሪ ራበኝ አይልም

ውድ ሰብልዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን፤ ናፍቀሽኛል። ሜሪላንድ ውስጥ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ሆነሽ መቀጠርሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የኛ ልጆች እዚያ ብዙ ናቸውና የሚበላው ያጠረውን ተማሪ እንዴት እንደምትረጂ ልጻፍልሽ አልኩ።

«ርቦሃል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ አዎ የሚልሽ የለም። ሐኪም ቤቶች የሚጠይቁትን ጠይቂ፦ ባለፉት 12 ወራት ገንዘብ ሳይገባ ምግብ ያልቅብኛል ብለህ ሰግተሃል? የገዛኸው አልቆ መግዣ ያጣህበት ጊዜስ አለ? ለአንዱ እንኳ «አንዳንዴ» ካለ በቂ ነው። ጥያቄው በምዝገባ ጊዜ ለሁሉም ቢቀርብ ደግሞ ማንም ተለይቶ አያፍርም።

ቀጥሎ ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የምግብ መግዣ ድጋፍ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 49 የሆነና ቢያንስ ግማሽ ጊዜ የሚማር ሰው አይፈቀድለትም፤ በሳምንት 20 ሰዓት የሚሠራ፣ ወርክ ስተዲ (ከትምህርት እርዳታ ጋር የሚሰጥ የተማሪ ሥራ) ያገኘ ወይም ከ6 ዓመት በታች ልጅ የሚያሳድግ ከሆነ ግን ይህ ክልከላ አይመለከተውም። ልጆቹ የሚሰሙት ክልከላውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ጥናት፣ ብቁ ሊሆኑ ከሚችሉ 3.3 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ከግማሽ በላዩ እንደማያገኙ አሳይቷል። ከ22 ዓመት በታች ሆኖ ከወላጆቹ ጋር የሚኖር ከሆነ የቤቱ ገቢ አብሮ ይቆጠራል።

ማመልከቻው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በስልክ ቃለ መጠይቁ ነው። ከማያውቀው ቁጥር ሲደወል ልጁ አያነሳም፣ ፋይሉም ይዘጋል። ስለዚህ አንቺ ቢሮ ተቀምጦ ይደውል። ውሳኔው እስከ 30 ቀን ይፈጃል፤ የወር ገቢው ከ150 ዶላር በታች፣ በእጁና በባንክ ያለው ከ100 ዶላር ያልበለጠ ከሆነ በ7 ቀን እንዲታይለት ይጠይቅ።

በዲቪ የመጣ አዋቂ በአብዛኛው 5 ዓመት መጠበቅ አለበት፤ በኤፍ-1፣ በተማሪ ቪዛ፣ የሚማር ጭራሽ አያገኝም። ለእነዚህ ያለው የካምፓሱ ፉድ ፓንትሪ፣ ምግብ በነጻ የሚታደልበት ክፍል ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ሥራ ውሎ ማታ የሚማረው ሳይደርስ ይዘጋል። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ እስከ ማታ ይክፈቱላቸው። በተከራየው ክፍል ምድጃ ለሌለው ደረቅ ባቄላ ምንም አይጠቅመውም፤ በእጅ የሚከፈት የቆርቆሮ ምግብ ይሁን። ቱናና ማካሮኒ በአይብ ብቻ ከሞላም ጾመኛው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የበሰለ ምስርና ሽምብራ፣ ሩዝ፣ የለውዝ ቅቤ ይጨምሩ። የታሰረ ከረጢት ከመስጠት ራሱ ከመደርደሪያው ቢመርጥ ይሻላል፤ የማይበላውን አይወስድም።

ፓንትሪያችሁ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋና መታወቂያ ይጠይቅ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ወዳጅሽ