96 ስትራይክ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የቤዝቦል ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር በአንድ ጨዋታ 20 ስትራይክአውት (መቺን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት) እንዴት እንዳገኘ ጠይቀኸኝ ነበርና መልሱ ይኸውልህ። ስትራይክ ማለት መቺው ለመምታት የሞከራት ወይም ሳይሞክራት በመምቻው ክልል ያለፈች ውርወራ ናት።

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2016 ቡድኑ ዋሽንግተን ናሽናልስ በሜዳው ዲትሮይት ታይገርስን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ፣ ሸርዘር ዘጠኙንም ኢኒንግ (የጨዋታውን ዙሮች) ወርውሮ 20 መቺ በስትራይክ አስወጣ። በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ፣ በዘጠኝ ኢኒንግ ከዚህ በላይ ያገኘ ወርዋሪ የለም። ሰው የሚያነሳው 20ን ነው፤ አንተ ግን ሌላውን ቁጥር ያዝ። 119 ጊዜ ወርውሮ 96ቱ ስትራይክ ነበሩ። በአራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጭ ያለፈችና መቺው ያልሞከራት ውርወራ) በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ ወደሚቆምበት ማዕዘን፣ ያሳለፈው አንድም ሰው የለም።

ጥቅሙን ከውጤቱ ታየዋለህ። ያን ምሽት ስድስት ሂት (መቺውን ቤዝ ያደረሰ ምት) አስመትቷል፤ ሁለቱ ሆምራን (መቺው ሁሉንም ቤዝ ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) ናቸው። ቤዝ ላይ ማንም ስላልነበረ ግን እያንዳንዱ ሆምራን ያስቆጠረው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከአንዱ በፊት አንድ ሰው በነጻ አልፎ ቤዝ ላይ ቢቆይ ኖሮ ጨዋታው ሦስት እኩል ይሆን ነበር።

የመጀመሪያዋ ኳስ ስትራይክ ከሆነች መቺው ይጨነቃል። ሁለተኛዋ ከተጨመረች ደግሞ የማትመታውን ኳስ ሁሉ ለመንካት ይገደዳል። የሸርዘር ስላይደር የሚያጠምደው ያኔ ነው፤ ከእጁ ስትወጣ ፋስትቦል (ፈጣን ቀጥተኛ ውርወራ) መስላ ሆም ፕሌት (መቺው የሚቆምበት) አጠገብ ስትደርስ ወደ ታችና ወደ ውጭ ትሸሻለች። ከስትራይክህ ቦልህ ከበዛ ግን መቺው የሚፈልጋትን መርጦ ይጠብቃል፣ አንተም መሃል ላይ ለመወርወር ትገደዳለህ።

አንተ በ14 ዓመትህ ስላይደርን ተወው። ፋስትቦልና ቼንጅአፕ (ፋስትቦል መስሎ የሚዘገይ ውርወራ) ይበቁሃል። ቼንጅአፕ ስትወረውር ኳሷን ወደ መዳፍህ ጠለቅ አድርገህ ያዝ እንጂ ክንድህን አታዘግይ፤ ክንድህ ከዘገየ መቺው ወዲያው ያውቅብሃል። ኳስህ ከፍ እያለች ወደ ቀኝ የምትሸሽ ከሆነ ግራ ትከሻህ ቀድሞ እየተከፈተ ነው። ግራ እግርህን ቀጥታ ወደ ካቸሩ (ከመቺው ኋላ ኳሷን ወደሚቀበለው) አሳርፍ፣ ትከሻህንም እግርህ መሬት እስኪነካ ዝጋው። በልምምድ 25 ወርውርና ስትራይኩን ቁጠር። 15 ሳይሞላ ፍጥነት ለመጨመር አትሞክር።

ስለ ክንድህ አደራ እልሃለሁ። በእድሜህ የሚመከረው ጣሪያ በቀን 95 ውርወራ ነው። 66 ከደረስክ አራት ቀን ማረፍ አለብህ፤ ከ51 እስከ 65 ከሆነ ሦስት ቀን። በወረወርክበት ጨዋታ ካቸር ሆነህ አትግባ፣ እሱም ክንድ ያደክማል። ስትደክም መጀመሪያ ክርንህ ዝቅ ይላል፣ ኳሷም ከፍ ከፍ ትላለች። ያኔ ለአሰልጣኝህ ንገር፣ ደፍረህ ንገር።

ሌላው ወርዋሪ ኬሪ ዉድ እ.ኤ.አ. በ1998 ገና በ20 ዓመቱ ለቺካጎ ካብስ በ122 ውርወራ 20 ስትራይክአውት አገኘ፤ ሂውስተን አስትሮስ የመቱት አንድ ሂት ብቻ ነበር። እንደ ውርወራ ብቃት ከሸርዘርም የሚበልጥ ይመስለኛል። በዚያው ዓመት ግን ክርኑ ታመመ፣ በቀዶ ሕክምና ምክንያት 1999ን በሙሉ አልተጫወተም። ጥፋቱን በዚያ አንድ ጨዋታ ላይ መጣል ልክ አይደለም፤ ግን ጠንካራ ክንድም እንደሚጎዳ አትርሳ።

ከቅዳሜው ጨዋታ በኋላ ስንት ወርውረህ ስንቱ ስትራይክ እንደሆነ ጻፍልኝ። ክርንህን ካመመህም አትደብቀኝ።

አባትህ